የፈላ ውሃ የማይፈጀው እግር

እግሩ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ የማይፈጀው ሰው ካያችሁ፣ በእናታችሁ አታድንቁት። እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እኔን ሲያደንቁኝ ነው የባጁት፤ እኔም ሲያደንቁኝ ደስ ብሎኝ ነው የባጀሁት። ምን ላይ እንደጣለኝ ልንገራችሁና አንድ ሰው እንኳ ቢሰማኝ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል።

ደምሴ እባላለሁ። ባና ሠሪ ነኝ፤ አገሬ መንዝ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ሴቶቹ ፀጉሩን ይፈትሉታል፣ እኛ ወንዶቹ እንሸምነዋለን። ከሽመናው እንደወረደ ግን ገና ልብስ አይባልም፤ ሳሳ ያለ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ነገር ነው። ስለዚህ ገባ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይዘረጋና የፈላ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ሁለት ሦስት ወንድ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ፀጉሩ ተኮማትሮ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ድረስ እየዘፈኑ መርገጥ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ባናው ይጠብቃል። በሰፈራችን ጎበዝ የሚለየውም እዚያ ላይ ነው፤ ውሃው እንደፈሰሰ ቀድሞ የሚገባው ማን ነው፣ ቶሎ የሚወጣውስ ማን ነው እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ይወራል።

እኔ ድሮ ከሚዘሉት ወገን ነበርኩ። ገባ ብዬ እፍ እፍ እያልኩ የምወጣ፣ የሚሳቅብኝ ሰው። ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንዱ በጋ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ውሃው ሲፈስ ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲሉ እኔ ዝም ብዬ እገባለሁ፤ እነሱ ሲዘሉ እኔ እረግጣለሁ። ይኼ እግር አይደለም፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው ይሉኛል። ከሌላ መንደር ሳይቀር እየተጠራሁ እሄድ ጀመር፤ ጠላውም ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ ለእኔ ይቀዳል። ሰው ሲያድግ እግሩም ይጠነክራል ብዬ ተቀበልኩት። ምን ላድርግ፣ ደስ ይል ነበር።

ያታለለኝ ደግሞ እግሬ ጭራሹን የበደነ አለመሆኑ ነው። መርገጤን አውቃለሁ። ድንጋይና ሣር እለያለሁ፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም እሄዳለሁ። የጠፋብኝ ሙቀቱ ብቻ ነበር፤ የጠፋ ነገር ደግሞ መጥፋቱን አይናገርም። ባለቤቴ አስካለ ጀርባዬን ስታሽልኝ ከወገቤ ከፍ ብሎ አንድ ነጣ ያለ ምልክት አይታለች። ላብ የማያወጣ፣ የማያሳክክ ነገር። ጭርት ነው አልንና ከገበያ ቅባት ገዝተን ቀባነው። ቅባቱ አለቀ፣ ምልክቱ እንዳለ ቀረ፤ እኛም ረሳነው።

የነቃሁት የአያ ወርቁን ባና ስንረግጥ ነው። አያ ወርቁ ጎረቤቴ ናቸው፣ ሽመናውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ውሃው ከእሳት ወርዶ ሳያርፍ ነው የፈሰሰው። አብረውኝ የገቡት ሁለቱ ዘለው ወጡ። እኔ ብቻዬን መሐል ቆሜ ዘፈኑን እየመራሁ እረግጣለሁ፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ከዚያ ውሃው ላይ ስስ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ አየሁ። የባናው ፀጉር መስሎኝ በእግሬ ገፋ አደረግሁት። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ። አያ ወርቁ ቀረብ ብለው እጄን ያዙኝና በዝግታ፦

«ውጣ ልጄ። ቆዳህ ነው» አሉኝ።

ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን አየሁት። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ተልጧል። ሌላው ሰው ፊቱን አዞረ፤ እኔ ግን አፍጥጬ ነው የማየው፣ የሌላ ሰው እግር እንደማይ። አልጮህኩም። የምጮህበት ምንም አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን ሕመም የሚያስፈራ ይመስለኝ ነበር። ሕመም አለመኖሩ እንዴት እንደሚያስፈራ ለማንም አልመኝም።

ከዚያ ደጅ መጥናት መጣ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ጣቢያ ቁስሉን አጥበው፣ በፋሻ ጠቅልለው፣ ወደ እሳት አትጠጋ ብለው ሸኙኝ። ስለቃጠሎው እንጂ ለምን እንዳላመመኝ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ጀግና መስዬ ዝም አልኩ። ቁስሉ አልድን ሲል ወደ ከተማ ወጣሁና አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። እዚያ ነርቭህን ብርድ መትቶታል ተባልኩ። ለነርቭ ነው የተባለ ቀይ መርፌ በየቀኑ ተወጋሁ፣ ሽንቴ ለስኳር ተመረመረ፣ ስኳር የለብህም ተባልኩ። ለዚህ ሁሉ በግ እየሸጥን ነው። አስካለ ስለበጎቹ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችም፤ ከክሊኒክ በተመለስኩ ቁጥር ግን ፋሻውን ፈትታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታያለች።

ክሊኒኩ ደጃፍ ያለው አግዳሚ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ካርድ ይዞ ተራ መጠበቅ፤ ስም ሲጠራ ሁሉም ቀና ማለት፤ ያንተ ሳይሆን ሲቀር መልሶ ማቀርቀር። አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት እግሬን አይታ ቦታዋን ለቀቀችልኝና ከቆሎዋ ቆንጥራ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ቆሎው በግራ መዳፌ ላይ ነበር። ዓይኔ ያየዋል፣ መዳፌ ግን ባዶ ነው። በቀኙ ነካሁት፣ ፍሬው አለ፣ ሻካራ ነው። ወደ ግራው መለስኩት፣ የለም። ሴትዮዋን አመሰገንኩና ሳልበላው ኪሴ ከተትኩት። እጅ ከሄደ ሽመና ሄደ። ሸማኔ የተበጠሰ ክር የሚያገኘው በጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠበል ገባሁ። ገና ሳይነጋ ነው የሚጠመቁት፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰዉ ሁሉ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ እኔ እግሬን ውሃው ውስጥ ተክዬ እንደ እንጨት ቆሜአለሁ። ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያየኛል። የእጁ ጣቶች ግማሾቹ የሉም። ሰዎች ሰላም ሲሉት ራቅ ብለው ነው። እኔም ራቅ ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ መጥቶ፣ መታጠፍ የጀመረችውን የግራ እጄን ትንሿን ጣት አየት አደረገና ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አልኩት።

«እንግዲያው ለእሷ ስትል ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ» አለኝ። «እኔም በዚያች ጣት ነው የጀመረኝ። መድኃኒት ነበረው፤ እኔ ደብቄው ኖርኩ።»

ሰውየው የበሽታውን ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም። ሥጋ ደዌ። እኛ አገር የምንጠራበት ሌላ ክፉ ስም አለ፣ እሱን አልጽፈውም። ሰፈር ውስጥ በዘር ይሄዳል እየተባለ የጋብቻ ወሬ የሚፈርስበት፣ ከእናት ከአባት የሚያስለይ ስም ነው። ከጠበሉ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም።

ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ልጄ ብርቄ። ያኔ የወተት ጥርሷን ትቀይር ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ባና ለብሳ፣ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ ነው የምትተኛው። አፍንጫዋ የሚያርፈው በትክክል ያ ነጣ ያለው ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ነበር። በእጄ አጉርሻታለሁ፣ እግሯን አጥቤያታለሁ፣ በእኔ ዋንጫ ጠጥታለች። ለራሴ የፈራሁትን ፍርሃት ያኔ ተውኩት፤ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሰጥቻታለሁ ወይስ አልሰጠኋትም?

ለአስካለ አልነገርኳትም። መደብ ላይ ለብቻዬ መተኛት ጀመርኩ፣ ዋንጫዬን ለየሁ፣ ልጅቷ ስትመጣ እጄን ወደ ኋላ እደብቃለሁ። ብርቄ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ታባርረኝ ነበር። በኋላ ግን መምጣቱን ተወችው። በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ሳያት ትሄዳለች። አጠፋሁ ወይ ብላ እናቷን እንደጠየቀቻት የሰማሁት ቆይቶ ነው።

አስካለም የመሰላት ሌላ ነው። አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ፊቴን ሳታይ፣ ሌላ ሴት ይዘህ እንደሆነ ንገረኝና ልረፍ አለችኝ። እንዲያ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። የበሽታውን ስም ነገርኳት። ተነስታ ወጣች። የበሩ መዝጊያ ሲገጥም ሄደች አልኩ፤ ወደ እናቷ ቤት ነው፣ አልመለስም ብላ ነው፣ እውነቷንም ነው። እሷ ግን ከበጎቹ ጋር ቆይታ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። የጠየቀችኝም ያንኑ እኔ ራሴን የምጠይቀውን ነው፤ ልጅቷስ አለችኝ።

ሲነጋ ብርቄን ፀሐይ ላይ አቁመን ልብሷን አውልቀን አገላብጠን አየናት። ትከሻዋ ላይ፣ ከብብቷ በላይ፣ የአውራ ጣት የምታህል ነጣ ያለች ምልክት አለች። አስካለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጅቷ ምን አያችሁ እያለች ተንጠራርታ ትከሻዋን ለማየት ትታገላለች። ምንም የለም አልናት፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

በማግስቱ ሦስታችንም ሞላሌ ወጥተን የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ያዝን። ከመንገዱ የማስታውሰው ብርቄን ነው። አውቶቡስ ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ስለሆነ በመስኮት የምታየውን ሁሉ ትቆጥራለች፣ በጉን፣ ድንጋዩን፣ የስልኩን እንጨት። እናቷ መሐላችን ተቀምጣለች። እኔ የደነዘዘውን ግራ እጄን ጋቢ ውስጥ ቀብሬ፣ የፈጣሪን ስም እየጠራሁ፣ ጣቶቼን ሁሉ ውሰድ፣ እግሬንም ጨምር፣ የእሷን ትከሻ ብቻ ተው እያልኩ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተለየ ክፍል ነበረ፤ ከፊቱ ያለው አግዳሚ ላይ ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም እጁን በልብሱ ሸፍኗል። ተራችን ሲደርስ ዶክተሩ፣ ረጋ ያለ ወጣት ሰው ነው፣ ልብሴን አስወልቆ ከክርኔ በስተኋላ ያለውን ነርቭ ዳበሰኝ። እንደ ገመድ ወፍሯል አለ። ከዚያ ጥጥ አውጥቶ ጫፉን ሾል አድርጎ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ስነካህ የተነካህበትን በጣትህ አሳየኝ አለኝ።

ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። የጫማው ድምፅ በዙሪያዬ ይሄዳል። አስካለ ስትተነፍስ ይሰማኛል። አሁንም ጠበቅኩ። ይሄ ሰው ረስቶኝ ይሆን ብዬ፣ እንግዲህ ይንኩኝ እንጂ ዶክተር አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ አስካለ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ዶክተሩ ጥጡ እጁ ላይ እንዳለ፦

«ስነካህ ነው የቆየሁት፣ ወንድሜ» አለኝ።

በኋላ አስቀምጦ አስረዳኝ። ቆዳችን ውስጥ ስሜት ተቀባይ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቃ ነገሮች አሉ፤ ለሙቀት የራሱ አለው፣ ለቅዝቃዜ የራሱ፣ ለቀላል ንክኪ የራሱ፣ ለሕመም የራሱ፣ ለክብደት የራሱ። እያንዳንዱ የደረሰበትን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካል፤ ሰው ተቃጠልኩ ብሎ የሚዘለው መልእክቱ ሲደርሰው ነው። መንገድ ላይ የስልክ እንጨት አላየህም ወይ አለኝ። ሽቦው ከተበጠሰ ሞላሌ ያለው ሰው ቢጮህ ደብረ ብርሃን አይሰማም። የዚህ በሽታ ተሐዋሲ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል፣ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ዓመታት እየፈጀ ያበላሻል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የሙቀትና የቅዝቃዜው ነው፣ የክብደቱ ይቆያል። ለዚህ ነው ባና ስረግጥ መርገጤን እያወቅሁ መቃጠሌን ያላወቅሁት። ጣትም የሚጎድለው በሽታው በልቶት አይደለም፤ ባለቤቱ ሳያውቀው እየተቃጠለ፣ እየተወጋ፣ እየቆሰለ ነው። የእኔ ጉብዝና ይኸው ነበረ።

ልጄን አልኩት። ሌላው ሁሉ ይቆይና ልጄን ይዩልኝ።

ብርቄን ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዓይኗን በሁለት እጇ ጨፈነች። ዶክተሩ መጀመሪያ ጉልበቷን ነካ፤ አሳየች። ክንዷን ነካ፤ አሳየች። ከዚያ ጥጡን ወደ ትከሻዋ ወሰደ። ምልክቷ ላይ ሲያሳርፈው አየሁ፤ ከፀጉር የቀለለ ንክኪ ነው። ልጅቷ ዝም አለች። አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። ብርቄ አሁንም ዝም ብላለች። እኔ በቁሜ ሞቻለሁ። ከዚያ ትከሻዋን ሽቅብ ሰብቃ፣ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀችና ጣቷን በትክክል ምልክቷ ላይ አሳረፈች። ለምን እንደዘገየች እናቷ ስትጠይቃት፣ ይኮረኩረኝ ስለነበር ሳቄን ይዤ ነው አለች።

ደገመው፣ ሰለሰው፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብልቃጥም አስነካት። አንዱንም አልሳተችም። ብርድ የሚያመጣው የቆዳ ድርቀት ነው፣ ቅባት ይበቃዋል፣ ግን በየጊዜው እያመጣችሁ አሳዩኝ አለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዶክተሩ የተናገረው ሌላ ነገር ደግሞ ነበረ፤ በዘር አይሄድም፣ መድኃኒቱን ከጀመርክ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰው አታስተላልፍም፣ ከልጅህ ጋር ተኛ አለኝ። መድኃኒቱም በነፃ ነው። ያን ሁሉ በግ የጨረስነው በነፃ ለሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ይኼን አስካለ ዛሬም እያነሳች ትስቅብኛለች።

መድኃኒቱን በየወሩ መሐል ሜዳ ከተማ ካለው ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ዓመት ወሰድኩ። ቀላል ነው አልላችሁም። የመጀመሪያውን ክኒን በዋጥኩ ዕለት ሽንቴ ቀይ ሲሆን ደም መስሎኝ አለቀልኝ ብዬ አስካለን ጠራኋት፤ ለካ ቀድሞ ተነግሮኝ በድንጋጤ ዘንግቼው ኖሯል። ቆዳዬ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ሰፈሩም ሰማ። ለባና ረገጣ የሚጠራኝ ጠፋ፣ የሠራሁትን ባና የሚገዛኝም ጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያን ስቆም በግራ በቀኜ ክፍት ቦታ ይኖራል። ማታ ማታ ላምባው ከጠፋ በኋላ የግራ መዳፌን በቀኝ ጥፍሬ እየቧጨርኩ፣ ይሰማኛል አይሰማኝም እያልኩ ነው የማነጋው። አያ ወርቁ ግን አልቀሩም። እሑድ እሑድ ይመጡና አጠገቤ ተቀምጠው፣ በእኔው ዋንጫ ጠላ ጠጥተው ይሄዳሉ። ስለ በሽታው አንድ ቃል አንስተው አያውቁም። ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚመጡት።

ለነርቩ እብጠት ሌላ ክኒን ተጨምሮልኝ ነበር። እግርህ የቆየ ስለሆነ ላይመለስ ይችላል፣ እጅህ ግን ቅርብ ጊዜ ስለሆነ ተስፋ አለው ብሎኛል ዶክተሩ። እናም አንድ ጠዋት የተነደፈ ፀጉር ለአስካለ ሳቀብላት የግራ መዳፌን አንድ ነገር ጫር አደረገኝ። ቆምኩ። ፀጉሩን ጨበጥኩት፣ ለቀቅኩት፣ እንደገና ጨበጥኩት። የበግ ፀጉር ይኮሰኩሳል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስማረርበት የኖርኩት ነገር ነው። ይኮሰኩሳል አልኳት። አስካለ ሥራዋን ጥላ መጣችና እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

እግሬ አልተመለሰም። ዛሬ ባና አልረግጥም፤ እሸምናለሁ። ጫማ ሳላደርግ ከቤት አልወጣም፣ እሳት አጠገብ እግሬን አልዘረጋም። እሾህ ቢወጋኝ እግሬ ስለማይነግረኝ፣ ማታ ማታ ብርቄ ኩራዝ ይዛ ውስጥ እግሬን ታያለች። አድጋለች፣ ቁም ነገረኛ ሆናለች። ዓይታ ስትጨርስ ደግሞ የዶክተሩን ጨዋታ ታመጣለች። ዓይንህን ጨፍን ትለኝና ከእናቷ እንዝርት ላይ ክር ቆርጣ ትነካካኛለች።

ባለፈው ጨፈንኩላት። መጀመሪያ እግሬ ዘንድ ነበረች፣ ትንፋሿ ከዚያ በኩል ይሰማኛል። አንድ ቀን እንኳ እግሬን ስትነካ ባውቅላት ብዬ ተመኘሁ። አሁን ነክታኛለች በሚመስለኝ ሰዓት ጎንበስ ብዬ ውስጥ እግሬን በጣቴ አሳየሁና፣ እዚህ አልኳት።

«አባባ» አለችኝ፣ «ገና እኮ አልነካሁህም።»

አስካለ ከወዲያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም። ብርቄ ተጠግታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ክሩ በግራ መዳፌ ላይ፣ ከትንሿ ጣቴ ሥር፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ተሰማኝ። ወዲያው ልናገር እችል ነበር። እንዳታቆም ብዬ ዝም አልኩ።